ጠርሙሱ «የጣሊያን ጊዜ» ነው

ሰሞኑን አዳማ ላይ አዲስ ፋሽን መጥቷል። ቤቱ ክትፎ ይሽጥ በርገር፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ይሁን ፍራንኮ፣ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ አይጠፋም፤ መደርደሪያው ላይ ጭቃ የተቀባ ጠርሙስ አይጠፋም፤ ጠርሙሱ አንገት ላይ በሲባጎ የታሰረች ወረቀትም አትጠፋም፦ «አንቲክ። የጣሊያን ጊዜ።» ደፈር ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ የተጠና ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ተቆፍሮ የወጣ ነው።»

«ማን ቆፈረው የኔ ልጅ?»

«የሚቆፍሩ ልጆች አሉ።»

የሚቆፍሩ ልጆች! ጠርሙሱን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አንገቱ ላይ የፕላስቲክ ክዳኑ ቀለበት እንኳ ሳይወልቅ ቀርቶ ያገኘዋል። ጣሊያን አገራችን ላይ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ ይሄ ጠርሙስ ግን ቢበዛ ያለፈውን ጥምቀት ቢያይ ነው።

መዋሸቱንስ ይዋሹ፤ ነጋዴ ትንሽ ቢጨምር ወግ ነው። የሚያንገበግበው በወጉ ለመዋሸት እንኳ አለመድከማቸው ነው። የጠርሙስ ዕድሜ ለመገመት ጣትና ብርሃን ይበቃል። ጠርሙሱን በጎኑ ይዞ ጥፍርን ከትከሻው ወደ አፉ መሳብ ነው። ትኩሱ ብርጭቆ ቅርጽ የሚይዝበት ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) ሁለት ግማሽ ስለሆነ፣ ሁለቱ የተጋጠሙበት ላይ ቀጭን ስፌት ይቀራል። ስፌቱ አንገቱ ላይ ደርሶ ከጠፋ አፉ በእጅ የተበጀ ነው፤ ሠራተኛው ከነፋው በኋላ ከመንፊያው ቧንቧ ለይቶ ከንፈሩን ለብቻ ሠርቶለታል። ስፌቱ ከንፈሩን ተሻግሮ አፉ ጫፍ ድረስ ከወጣ ግን የማሽን ሥራ ነው። ማይክል ኦወንስ የሚባል አሜሪካዊ ጠርሙስ በራሱ የሚሠራ ማሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ በእጅ የሚነፋ ተራ ጠርሙስ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ስለዚህ እውነተኛ የጣሊያን ጊዜ ጠርሙስ ቢገኝ እንኳ በአብዛኛው የማሽን ልጅ ነው። «በእጅ የተሠራ» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሰው ሁለቴ ዋሽቷል።

ሌላም አለ። ቂጡ ላይ እንብርት የመሰለ ሸካራ ጠባሳ ያለበት ጠርሙስ ይበልጥ ያረጀ ነው፤ ትኩሱን ብርጭቆ ከታች ደግፎ የያዘው ዘንግ ሲነቀል የተወው ምልክት ነው። አፉ ለቆርኪ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከ1892 እ.ኤ.አ. በፊት ሊሆን አይችልም፤ ዊልያም ፔንተር የቆርኪን ፓተንት ያገኘው በዚያ ዓመት ነው። የያኔው ቆርኪ 24 ጥርስ ነበረው፣ የዛሬው 21 ነው። ያላመነ በሚቀጥለው ቢራው ይቁጠር፤ ከሁለተኛው በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ጭቃውም ምስክር አይሆንም። ለረጅም ዘመን እርጥብ አፈር ውስጥ የኖረ ብርጭቆ ይታመማል። ውኃው ከላዩ ሶዲየሙን ቀስ በቀስ እየወሰደ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ገለባ ይተውበታል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ሐምራዊና አረንጓዴ ይጫወትበታል። ሲነክሩት ዳመናው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። የካፌው ጭቃ ግን ሲነክሩት ይጠፋል፣ ሲደርቅም አይመለስም፤ አስተናጋጇ ድጋሚ ካልቀባችው።

እንግሊዝ አገር ጠርሙስ ቁፋሮ ራሱን የቻለ ሱስ ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከተሜ ምድጃው የድንጋይ ከሰል ነበር፤ አመዱን ከነጠርሙሱ በጋሪ ጭነው ሸክላ የተቆፈረበት ጉድጓድ ውስጥ ይደፉታል። አመድ ልስልስ ነው፤ የወደቀበትን ጠርሙስ አይሰብርም። የዛሬው ቆፋሪ አሮጌ ካርታ ያያል፣ የጠቆረ አፈር ይፈልጋል፣ ሳማ የበዛበትን ቦታም ያስተውላል፤ ሳማ ቆሻሻ የጠገበ አፈር ይወዳል። አሜሪካኖቹ ደግሞ የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው የሚቆፍሩት። አዎ፣ በገዛ ፈቃዳቸው።

መሣሪያው ቀላል ነው፤ እዚህም ማንም በያጅ ይሠራዋል። ባለ 10 ፌሮ ሜትር ተኩል ያህል ተቆርጦ፣ ጫፉ ላይ ከፌሮው ትንሽ የወፈረ የኩሽኔታ ኳስ ይበየድበታል፤ ላዩ ላይ አግዳሚ እጀታ። ኳሷ ለጌጥ አይደለችም። ከዘንጉ ስለምትወፍር ቀዳዳውን ታሰፋዋለች፤ አፈሩ ዘንጉን አንቆ አይዝም፣ እጅ የሚሰማውም የጫፉን ብቻ ይሆናል። አመድ ሲነካ ይንኮሻኮሻል፣ ድንጋይ ድም ይላል፣ ብርጭቆ ቀጭን ጭረት ያሰማል። በኃይል የሚወጋ ሰው ጠርሙሱን ያገኘዋል፤ ግን በስባሪ መልክ። የመጀመሪያው ስባሪ ከታየ በኋላ ዶማ ይቀመጣል፤ ሥራው የመኮትኮቻ ነው።

ያወጡትን ጠርሙስ በሙቅ ውኃ ማጠብም ሌላው የጀማሪ በሽታ ነው። ከቀዝቃዛ አፈር የወጣ ብርጭቆ ሙቅ ሲነካው እጅ ላይ ይተረተራል። ለብ እንኳ ባላለ ውኃ ለጥቂት ቀናት ዘፍዝፎ መተው ነው፤ ነጭ የኖራ ቅርፊት ከያዘ ሎሚ።

አዳማ ላይ ጀማሪውን የሚያሞኘው ደግሞ ባልጩት ነው። አገሩ የእሳተ ገሞራ አገር ስለሆነ መሬቱ ራሱ ብርጭቆ ያወጣል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ የሚቆርጥ። «ጥቁር ጠርሙስ አገኘሁ» ብሎ የሚሮጠው ብዙ ነው። ወደ ፀሐይ ማንሳት ነው መድኃኒቱ፤ የድሮ ጥቁር ጠርሙስ ስባሪ ሲታይ ጥቁር የወይራ አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ የአየር አረፋ አለው፣ ከውስጥም ከውጭም እኩል ይጎብጣል። ባልጩት እንዲህ ያለ ጨዋነት የለውም።

ግን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ በዚህ አገር ጠርሙስ ማን ጥሎ ያውቃል?

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» እንላለን። የምወደው ተረት ነው፤ ቤትም ይመታል፣ ልብም ይመታል። ችግሩ የምንተርተው ሰው ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ባልና ሚስት ለማስታረቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ነገሩ ሲከብደው ይቺን ይወረውርና ጋቢውን ሰብስቦ ይነሳል። ቤቱ ሲገባ ግን የነቃው ብርሌ ማንኪያ ማስቀመጫ ሆኖ፣ እጀታው የወለቀው ጀበና አበባ ተተክሎበት ይጠብቀዋል። ትዳር ሲነቃ «አይሆንም»፣ ብርሌ ሲነቃ «ይቀመጥ፣ ይሆናል»! ተረቱን በሥራ ያዋሉት እንግሊዞቹ ናቸው፤ ሰብሳቢዎቻቸው ዘንድ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለበት ጠርሙስ ዋጋው ገደል ይገባል።

ከሁሉ የሚብሰው የሱቁ ነገር ነው። ድንገት እንግዳ መጥቶበት ቢራ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ብር አይደለም፤ «ጠርሙስ ይዘሃል?» ነው። ይዞ ከሄደ «ይሄ የሌላ ፋብሪካ ነው»። የፋብሪካው ከሆነ «አፉ ተሸርፏል»። ካልተሸረፈ «ሳጥን ሞልቷል፣ ነገ አምጣው»። እሺ ብሎ ማስያዣ የከፈለ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ሌላ ልጅ ቆሞ ያገኛል፤ «ለማን ነው ያስያዝከው?» ወረቀት? ወረቀት የለም። ማስያዣው ሲጨምር የሚጨምረው ለሚከፍል ነው፤ ሊያስመልስ ለመጣ ግን የድሮው ዋጋ ይታወሳል፣ ያውም ባለሱቁ የማስታወስ ቀን ከሆነለት። በራሱ ገንዘብ የገዛውን ነገር ለመጠጣት ዋስ የሚጠራ ሕዝብ ሌላ የት እንዳለ እንጃ። ቢራው ሞቅ ያለ መሆኑን ገና አላነሳንም።

እንዲህ ተይዞ የኖረ ሰው ጠርሙስ ይጥላል? የውስኪው ጠርሙስ ባዶውን ቡፌ ላይ ይቀመጣል፣ ለክብር። የወይኑ አረቄ ይሞላበታል። የዘይቱ ላምባ ይገባበታል። ከሁሉ ደህናው ጠበል ተሞልቶ ከስዕሉ ሥር ይቆማል፤ ያንን ማን ደፍሮ ይነካል። የተረፈውን ቆራሌው ይወስዳል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1872 ሂራም ኮድ የሚባል ሰው አንገቱ ውስጥ የብርጭቆ ኳስ የምትደፍነው የለስላሳ ጠርሙስ አስመዝግቦ ነበር፤ ልጆች ኳሷን ለጨዋታ እያሉ አንገቱን ስለሚሰብሩት ዛሬ ሙሉ የሆነው ተፈላጊ ነው። ብይ ብርቅ በነበረበት ሰፈር ያደገ ሁሉ እነዚያን ልጆች አይኮንንም።

የተሰበረውስ? የተሰበረውም አይጣልም። አጥር ላይ ይሰካል! ሲሚንቶው ሳይደርቅ፣ ስለቱ ወደ ላይ፣ ለሌባ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ የውጭ መጠጥ በጅቡቲ በኩል በሐዲድ መምጣት ከጀመረ ወዲህ የተጠጣው ሁሉ አዳማ ላይ መሬት ውስጥ የሚፈለገው በከንቱ ነው። ከጣቢያው አካባቢ ያሉ አሮጌ አጥሮችን ቀና ብሎ ማየት ይሻላል። ቂጡ ወደ ላይ የተሰካ ካለ የፋብሪካው ፊደል እዚያው ይነበባል። ድሮ ነጭ የነበረ ስባሪ ወደ ሐምራዊ ካደላ፣ ብርጭቆውን ለማንጻት ማንጋኒዝ የገባበት ዘመን ነው፤ ማንጋኒዙን ሐምራዊ የሚያደርገው ፀሐይ ነው፣ እሱ ደግሞ አዳማ ላይ አይጠየቅም። ይሄንን የሚያውቁ አጭበርባሪዎች አሜሪካ ውስጥ ጠርሙሱን በጨረር እየመቱ ደማቅ ሐምራዊ ያደርጉታል። የኛዎቹ ጭቃ ላይ ናቸው ገና።

ብቻ ታዲያ አጥሩ ሥር ቆሞ የሚያይ ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይጮህበታል፤ የሚቆፍረው ደግሞ ወርቅ አገኘ ተብሎ ይከበባል። ዶማ ያነሳ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው «የጣሊያን ወርቅ ነው አይደል?» የሚል ጎረምሳ አናቱ ላይ ይቆማል፤ ከጎኑ የቆመው ደግሞ ድርሻውን ማስላት ጀምሯል።

ለማንኛውም ስለ ቁፋሮው ነበር የተጀመረው። ቁፋሮ ያማረው ሰው አስቀድሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን እንደሚከለክል ይወቅ፤ የራሱ ግቢ ውስጥ የቆሻሻ ጉድጓድ ሲያወጣ ያገኘው እንደሆነም ያስታውቅ። ቦቲና ወፍራም ጓንት ያድርግ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይከተብ፣ ብቻውን አይቆፍር። ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ሲወርድ ግድግዳውን ደረጃ ደረጃ ያድርገው። ጠርሙስ ታየኝ ብሎ ጎን ለጎን ሥር ለሥር አይሂድ፤ አንድ ሜትር ኩብ አፈር 15 ኩንታል ገደማ ይከብዳል፣ የአዳማ አፈር ደግሞ ልል ስለሆነ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሲጨርስም ጉድጓዱን ይድፈነው። ቆፍሮ ጥሎ የመሄዱን ሥራ ፈቃድ ያላቸው አካላት በበቂ ሁኔታ እየሠሩት ነው።