ያልተከለከለውን መድኃኒት የከለከልን እኛ ነን

የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ወገኖቼ፣ ሐኪም ያዘዘውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለማግኘት የመድን ድርጅትን ቅድመ ፈቃድ ደጅ የሚጠናበት አገር እንዳለ ታውቃላችሁ፤ በአሜሪካ ይህ ጉዳይ ታካሚዎችን ሲያንገላታ ኖሯል። በእኛ አገር ግን መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ሲዲ ፎር የሚባሉት፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት የነጭ ደም ሴሎች ቁጥር እስኪወርድ መጠበቁም ቀርቶ፣ ዛሬ ቫይረሱ በደሙ መኖሩ የተረጋገጠ ሰው ሳይዘገይ ሕክምናውን ይጀምራል። የመድን መታወቂያ አምጣ አይባልም፤ የቀበሌ ደብዳቤም አይጠየቅም። እኛ ጎረቤቶቹ ግን ማንም ያልጠየቀውን ፈቃድ በዐይናችን እየጠየቅነው ነው።

በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ደጅ እያለፈ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ሲል ብቻ መድኃኒቱን ከጎንደር ወይም ከደብረ ታቦር የሚያመጣ ወገን አለን። ብልቃጡ በቦርሳው ውስጥ እንዳይንኮሻኮሽ ጥጥ ይጠቀጥቅበታል፤ የተለጠፈበትን ጽሑፍ በጥፍሩ ፍቆ ያነሣል፤ ቤቱ እንግዳ ባደረ ዕለት ሰዓቱ ቢደርስም ሳይውጥ ያድራል። ባለፉት ዓመታት መንገድ በተዘጋ ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱ አልቆበት ምን እንደሚሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል፤ ደጋግሞ ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለበትን እንክብል በቀን አንድ ጊዜ ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ወደ ሌላ አያስተላልፍም። እናንተ ደግሞ ዛሬም የቡና ሲኒውን ለብቻው ታስቀምጡበታላችሁ!

መድኃኒትህን ጥለህ ወደ ፀበል ሂድ የምትሉም ከዚህ ተግሳጽ አታመልጡም። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ ተናግረዋል፤ ፓትርያርኩ ያልከለከሉትን እናንተ በማን ሥልጣን ትከለክላላችሁ?

የጤና መድኑንም ነገር ልጨምር፤ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነውና። በነጻ የሚሰጠው የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ነው እንጂ ያ ሰው እንደ ማንኛችንም ደም ግፊት፣ ኩላሊት፣ የጨጓራ ሕመም ሊይዘው ይችላል፤ ለዚህ ሁሉ የሚደርስለት፣ ሁላችን መዋጮ እያወጣን የታመመው የሚታከምበት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. መድኑ በሙከራ ሲጀመር ከቀደሙት ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ጣና ዳር ያለችው ፎገራ ነበረች፤ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ከመካከላችን «ዓመቱን ሙሉ አልታመምኩም፣ ገንዘቤ ባከነ» እያለ መታወቂያውን ሳያድስ የሚቀር ብዙ ነው። ጤነኛው መዋጮውን ካስቀረ ካዝናውን የሚሞላው ማን ነው? የታመመው ብቻውን ከፍሎ መድን አይሆንም። የእድሳቱ ወቅት ሲደርስ አቅም ያላችሁ ሳትጎተቱ ክፈሉ፤ በየቀበሌው የምትመዘግቡም የማን ቤት ምን በሽታ እንዳለ ከመዝገባችሁ አውጥታችሁ ለቡና ወሬ አታቅርቡ።