ከኤታማዦር ሹምነት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት፦ መሃሉ ላይ ያለው ጊዜ

እስራኤል ውስጥ ምርጫ በቀረበ ቁጥር የአንድ የቀድሞ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ስም ይነሳል። ጦር የመራ ሰው አገር መምራት አያቅተውም ይባላል። ከዚያ ወንበር ተነስተው ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቁት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ይስሃቅ ራቢንና ኤሁድ ባራክ። ሁለቱም የሰንበት (አይሁድ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ከሥራ የሚያርፉበት ቀን) ነገር ያሰናከላቸው መሆኑ የአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ራቢን ጦሩን የለቀቁት በ1968 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዋሽንግተን አምባሳደር ሆነው ከቆዩ በኋላ ጥቂት ወራት በሠራተኛ ሚኒስትርነት ሠርተው ሰኔ 1974 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1976፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኤፍ-15 ተዋጊ አውሮፕላኖች ከአሜሪካ ገቡ። የአቀባበሉ ሥነ ሥርዓት ሰንበት ሊገባ ሲል ስለተካሄደ ሃይማኖተኞቹ መንግሥት ላይ የመተማመኛ ድምፅ ጥያቄ አነሱ። የጥምር መንግሥቱ አባል የነበረው ሃይማኖታዊ ፓርቲ ማፍዳል ድምፀ ተአቅቦ ሲያደርግ ራቢን የፓርቲውን ሚኒስትሮች አሰናበቱ። ለጦር አዛዥ ይህ ተራ ነገር ነው፤ ዲሲፕሊን የጣሰ ይባረራል። ሚኒስትር ግን የበታች መኮንን አይደለም፤ ከኋላው የምክር ቤት መቀመጫ አለው። የማፍዳል 10 መቀመጫ ሲወጣ ከ120ው 61 መሙላት አልተቻለም፤ ራቢንም ሥልጣን ለቀቁ። ምርጫውን ለማፋጠን ሆን ብለው ያደረጉት ነው የሚሉ አሉ። እንደዚያም ከሆነ ስሌቱ ከሽፏል፤ ግንቦት 1977 ላይ ተቃዋሚው ሊኩድ አሸነፈ።

ባራክ ከጦሩ በወጡ በአራት ዓመት፣ በ1999፣ 75 መቀመጫ ያለው ሰፊ ጥምረት ይዘው ጀመሩ። በነሐሴ ለአሽኬሎን የኃይል ማመንጫ የሚሆን ግዙፍ መሣሪያ በሰንበት እንዲጓጓዝ ተደረገ፤ መንገዱ ያን ቀን ጭር ስለሚል ምክንያቱ ለሎጂስቲክስ ሰው አሳማኝ ነው። ሃይማኖታዊው ፓርቲ ያሃዱት ሃቶራ 5 መቀመጫውን ይዞ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ። ባራክ ሐምሌ 2000 ላይ ከፍልስጤማውያን ጋር ለመደራደር ወደ ካምፕ ዴቪድ ሲሄዱ ክኔሴት (ምክር ቤቱ) 54 ለ52 ተቃውሟቸው ነበር፤ የተረፉት ለመጣል 61 ድምፅ ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ያው ሰው ከሁለት ወር በፊት ጦሩን ከ18 ዓመት በኋላ ከደቡብ ሊባኖስ አስወጥቷል፣ ያውም ቃል ከገባበት ቀን ቀድሞ። በትእዛዝ የሚያልቀውን ሥራ አሳምሮ ይሠራል። የሚያቅተው ትእዛዝ የማይቀበለውን ሰው በየቀኑ መለመን ነው።

ራቢን በ1992 ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ማዕረጋቸው አልተለወጠም። በመሃሉ ባሉት 15 ዓመታት ተራ የምክር ቤት አባል ሆነዋል፣ ስድስት ዓመት የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ፣ በፓርቲያቸው ውስጥ ከሺሞን ፔሬስ ጋር ሲታገሉ ተሸንፈውም አሸንፈውም ያውቃሉ። በ62 መቀመጫ ጀምረው ሃይማኖታዊው ፓርቲ ሻስ ጥሏቸው ሲሄድ፣ ከጥምረቱ ውጭ ሆነው በሚደግፏቸው የአረብ ፓርቲዎች 5 ድምፅ ቆዩ። ከፍልስጤማውያን ጋር የተደረገው ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት በ1995 ያለፈው 61 ለ59 ነው። የ1976ቱ ራቢን ይህን ቁጥር አያቆዩትም ነበር።

የ2007ቱ ሕግ ከፍተኛ መኮንኖች ለምርጫ ከመቅረባቸው በፊት ሦስት ዓመት እንዲቆዩ ያዛል። ሕጉ የሚቆጥረው ግን ጊዜውን ብቻ ነው፤ ሰውየው ዓመቶቹን የት አሳለፈ ብሎ አይጠይቅም። ሌላው የቀድሞ ኤታማዦር ሹም ቤኒ ጋንትዝ ሦስት ዓመታቸውን ጨርሰው መጡ። በ2020 ከቤንያሚን ኔታንያሁ ጋር ተራ በተራ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ተፈራረሙ፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ፕኒና ታማኖ-ሻታ ሚኒስትር የሆኑት በዚህ መንግሥት ነው። የጋንትዝ ተራ ኅዳር 2021 ነበር። ስምምነቱ ምክር ቤቱ ቢበተን መንበሩ በሽግግሩ ወቅት ለጋንትዝ እንዲሆን ዋስትና ሰጥቶ አንድ በር ክፍት ተወ፦ የተበተነው በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ከሆነ ዋስትናው አይሠራም። በታኅሣሥ 2020 በጀቱ አልጸደቀም፤ ክኔሴት በሕግ ተበተነ፤ ተራውም ሳይደርስ ቀረ። ኔታንያሁ ከጦሩ የወጡት በሻምበልነት ነው። ከ2003 እስከ 2005 ግን የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ።