በሥሩ ካላለፈ መንገድ አይባልም?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ ለፕሮግራመርነት ሥራ በተፈተንነው የጽሑፍ ፈተና ላይ አንድ ባይነሪ ትሪ (ኖድ የሚባሉ ነጥቦች በመስመር ተያይዘው ወደ ታች የሚወርዱበት፣ እያንዳንዱም ኖድ ከሁለት የማይበልጡ ልጆች ያሉት የዛፍ ሥዕል) ተሥሎ፣ «ከየትኞቹም ሁለት ኖዶች መካከል ረጅሙ መንገድ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበልን። ሥሩ (ሩት፣ ማለትም ከሁሉ በላይ ያለው ኖድ) የግራ ልጅ ብቻ ነበረው፤ ከዚያ ልጅ በታች ደግሞ በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ኖዶች ተከታትለው ወርደዋል። ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ በዚሁ ልጅ በኩል ወደ ሌላው ጫፍ የሚደርሰው መንገድ በጣት ቢቆጠር እንኳ 6 መስመር ነው። እኔም 6 ብዬ ጻፍሁ፤ የመልስ ቁልፉ ግን 4 ስለሚል ተሰረዘብኝ።

4 ከየት መጣ? የሥሩ የግራ ቁመት (ከሥሩ በግራ በኩል እስከ ታችኛው ጫፍ ያለው የመስመር ብዛት) 4፣ የቀኙ 0፣ ድምሩ 4። በአቶቴ ሰፈር በኩል በባጃጅ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አቤት ብል ያገኘሁት መልስ «ወንድሜ፣ መንገዱ የግድ በሩት ማለፍ አለበት» የሚል ነበር። ጥያቄው «ከየትኞቹም» እያለ ይህን ግዴታ ማን ጨመረው? እኛ ዝምድና ስንቆጥር ሁለት የአጎት ልጆችን የሚያገናኘው የጋራ አያታቸው ነው እንጂ፣ ሰባት ቤት ወጥተን የዘሩን መጀመሪያ ቀስቅሰን አንመለስም።

ይበልጥ ያበሸቀኝ ትክክለኛው ዘዴ ከስሕተቱ እምብዛም የማይከብድ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ኖድ ከልጆቹ የግራና የቀኝ ቁመት ይቀበላል፤ ሁለቱን ደምሮ እስካሁን ከተገኘው ትልቅ ቁጥር ጋር ያወዳድራል፤ ለወላጁ ግን ከሁለቱ የሚበልጠውን ብቻ 1 ጨምሮ ይመልሳል። በአንድ ዙር ያልቃል። ቁመትን በየኖዱ እንደ አዲስ የሚያሰላ ሰው ግን 100,000 ኖዶች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ዛፍ ሲገጥመው 5 ቢሊዮን ያህል ጉብኝት ይጠብቀዋል፤ እርሱም ቢሆን ቢዘገይ እንጂ አይሳሳትም።

መስመር ይቆጠር ወይስ ኖድ የሚለውንም ወረቀቱ አልገለጸም። ኖድ ቆጥሮ 7 ያለው ጓደኛዬም ተሰርዞበታል፤ በሥሩ የሚያልፈውን መንገድ በኖድ ብንቆጥረው እንኳ 5 ስለሚሆን፣ ቁልፉ በራሱ ስሕተት ውስጥ ሆኖ ሌላውን አቆጣጠር አላስተናገደም። አሁን «ቁልፉን ያዘጋጀው ሰው ሰኞ ይገባል» ተብያለሁ፤ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ላይ ሥዬ፣ ስድስቱን መስመሮች በቀይ እስክሪብቶ አቅልሜ ለሦስተኛ ጊዜ እሄዳለሁ።