ግብር ሲሰበሰብ የሚታወቅ፣ ማኅደሩ ሲጠየቅ የማይታወቅ ቤት

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤት ውለን የተመለስነው አመሻሽ 11፡30 ላይ ነው። እናቴ ራት አልበላም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ እኔም ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ። የቤታችን የጓሮ ግድግዳ በምስጥ ተበልቶ ሊናድ ደርሷል። ክረምቱ ሳይገባ እናድሰው ብለን ከሚያዝያ ጀምሮ ስንመላለስ ይኸው ሰኔ ተጋመሰ። የእድሳት ፈቃድ ለማግኘት የቤቱ ይዞታ ካርታ ከሟቹ አባቴ ስም ወደ እናቴና ወደ እኛ መዛወር አለበት፤ ካርታውን ለማዛወር ማኅደሩ መቅረብ አለበት፤ ማኅደሩ ደግሞ የለም።

«የለም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ጠፋ አላሉንም፤ ተቃጠለ አላሉንም፤ ወደ ሌላ ክፍል ተላከ አላሉንም። ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ «ማዘር፣ ፋይልሽ የለም» አላት። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። እሱ ዕድሜው ከእኔ ታናሽ ወንድም አይበልጥም። እሷ ግን የመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይከበራል ብላ ያደገች ሴት ስለሆነች ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ጌታዬ፣ እባክዎ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ይመልከቱልኝ፤ ድሮ እዚያ ነበር የሚቀመጠው» አለችው። እሷ «እርስዎ» ስትለው እሱ፣ «አንቺ ነሽ ሥራዬን የምታስተምሪኝ?» ብሎ መለሰላት። በእኛ ቤት የሰፈር ውሃ ቀጂ ልጅ እንኳን እናቴን «አንቱ» ይላታል። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ባለጉዳዮች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ አንድም ሰው «ኧረ ነውር ነው» አላለም። አልፈርድባቸውም፣ የእያንዳንዳቸው ጉዳይ የሚያልፈው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይህም ይሁን። ነገሩ ወደ አባቴ ሲዞር ግን መታገሥ አልቻልኩም። የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ አለን። አባቴ ያረፈው በጥቅምት 2001 ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ ወር መጨረሻ 2008 መሆኑን ነገርኩት። «ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ይላል፤ በጊዜው ማስመዝገብ ነበረባችሁ» አለኝ። አዎ፣ የ2004ቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ነገር ግን አዋጁ ራሱ ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት የተቀበረን ሰው፣ ገና ባልተከፈተ ጽሕፈት ቤት፣ ባልታተመ መዝገብ ላይ በ30 ቀን ውስጥ የሚያስመዘግብ ሰው ከየት ይምጣ? ይህን ስጠይቀው እኔን ትቶ ወደ እናቴ ዞረና፣ «ታዲያ ባልሽ መሞቱን እኔ በምን አውቃለሁ?» አላት።

እናቴ መልስ አልሰጠችውም። እጇ እየተንቀጠቀጠ ከጉያዋ የእድሩን ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ፣ «እድር መንግሥት አይደለም» አላት።

እድር መንግሥት አለመሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ስለ እድሩ ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት የእድራችንን ጸሐፊ ቤታቸው ሄጄ ማስረጃ ያስፈልገናል ስላቸው፣ ከአልጋቸው ሥር የብረት ሣጥን አወጡ፤ በካኪ ወረቀት የተለበዱ ደብተሮች በዓመተ ምሕረት ተደርድረዋል፤ ቡና ሳይፈላ የ2001 ዓመተ ምሕረቱን ገጽ ገለጡልኝ። የአባቴ ስም፣ የቀብሩ ቀንና ሰዓት፣ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን፣ ለቤተሰቡ የተሰጠው ገንዘብ፣ የተተከለው ድንኳን፣ የወጣው አግዳሚ ወንበር ብዛት፣ የተመለሰውም ብዛት ሁሉ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ሁለት ወንበር ሳይመለስ ቀርቶ ኋላ በሦስተኛው ቀን እንደተመለሰ ሳይቀር ተመዝግቧል። እኚህ ሰው ደመወዝ የላቸውም፣ ኮምፒውተር የላቸውም፣ የተሰጣቸው ሥልጠናም የለም። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁለት የተበደሩ ወንበሮች ግን አልጠፉባቸውም። ደመወዝተኛ ሠራተኞችና የተቆለፈ መዝገብ ቤት ያለው መሥሪያ ቤት የአንድን ሰው ሙሉ የይዞታ ማኅደር ሲያጣ፣ «እድር መንግሥት አይደለም» ብሎ ደብተሩን መናቅ እንዴት ያስችለዋል?

ከዚያ የወራሽነት ማስረጃውን አወጣሁ። አባታችን እንዳረፈ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርበን፣ ምስክር አሰምተን ያወጣነው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 996 የሚፈቅደው የታወቀ ሰነድ ነው። ፍርድ ቤት የሟች ወራሽ ይሰይማል እንጂ በሕይወት ያለ ሰው ወራሽ አይሰይምም፤ ስለዚህ ወረቀቱ አባቴ ማረፉንም አብሮ ይናገራል አልኩት። አነበበውና «ይህ ቆይቷል፣ ታድሶ ይምጣ» አለኝ። የሰው ሞት በየስንት ዓመቱ እንደሚታደስ ጠይቄው ነበር። «ለክርክር ጊዜ የለኝም» ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ወደ ቡድን መሪው ሄድን። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ባለፈው ማክሰኞም፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስም ስብሰባ ላይ ነበሩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግምገማ ነው ተብለናል፤ በሚያዝያ ግን የዘጠኝ ወር አፈጻጸም ግምገማ ነው ተብለን ነበር፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ የዕቅድ ውይይት ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚገመገመው አገልግሎት የሚሰጠው ለማን ነው? እኛ በረንዳው ላይ ቆመን የተገመገመው ምኑ ነው? አሠራር ይሻሻላል እየተባለ የለውጥ ፕሮግራም በመጣ ቁጥር፣ በዚሁ በረንዳ ላይ ቢፒአር ሲባል ቆመናል፣ ቢኤስሲ ሲባል ቆመናል፣ ካይዘን ሲባል ቆመናል። በየጊዜው ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ይለጠፋል። የዜጎች ቻርተር የሚለው አሁንም በመስታወት ውስጥ አለ፤ የስም ዝውውር በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ወደየት እንደሚሄድ በግልጽ ተጽፎበታል። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚያ ላይ የተዘረዘሩት ሰነዶች በሙሉ በእጃችን አሉ። «የታደሰ የወራሽነት ማስረጃ» የሚል ቃል የትም የለም።

በረንዳው ላይ አንድ ሰው ጠጋ ብሎኝ፣ «እህቴ፣ ለመዝገብ ቤቱ ልጅ የሻይ ብታስቡለት ፋይሉ ዛሬውኑ ይገኛል» አለኝ። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ማኅደሩ በሻይ የሚገኝ ከሆነ አለ ማለት ነው፤ ካለ ደግሞ እናቴ ከጠዋት ጀምሮ የተዋረደችው በውሸት ነው። አልሰጥም አልኩት። እናቴ ሰምታ፣ «ስጪውና እንሂድ ልጄ፣ ደከመኝ» አለችኝ። በሕይወቷ ጉቦ ሰጥታ የማታውቅን ሴት እዚህ አድርሰዋታል።

አሁን ወደ ገቢ መስኮት ልምጣ። እናቴ እግረ መንገዷን የዘንድሮውን የቤትና የቦታ ግብር ልክፈል አለች፤ ቀኑ ሳያልፍ፣ ቅጣት ሳይመጣ መክፈል ልማዷ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ «እማማ፣ ቁጭ ይበሉ» ብላ ወንበር ሰጠቻት። የቤት ቁጥራችንን ስንነግራት መዝገቡን ገለጠች፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። የአባቴን ሙሉ ስም ከነአያቱ አነበበችልን፤ የቦታውን ስፋት ነገረችን፤ ያለብንን ነግራን ተቀብላ ደረሰኝ ቆረጠች። ደረሰኙ የተቆረጠው በአባቴ ስም ነው፤ ቀኑ የዛሬ ነው፤ ማኅተሙ የዚያው መሥሪያ ቤት ነው።

ደረሰኙን ይዤ እየሮጥኩ ተመለስኩ። «ይኸው፣ መሥሪያ ቤታችሁ ዛሬ በዚህ ሰው ስም ገንዘብ ተቀብሏል፤ ይህ ይዞታ ከሌለ ምኑን ነው ያስከፈላችሁን?» አልኩት። «ገቢ ሌላ ነው፣ እኛ ሌላ ነን» አለኝ። አንድ ሕንፃ፣ አንድ በር፣ አንድ ማኅተም፤ ሲቀበሉ ያውቁናል፣ ስንጠይቃቸው ግን አያውቁንም!

እናቴ የግብር ደረሰኞቿን በአሮጌ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ታስቀምጣለች። አባቴ ይህን ቤት ይዞ የቀረው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ነው፤ ትርፍ ስላልነበረው አንዱ ቤት ቀረለት። ከዚያ ወዲህ ያለው ክፍያ ሁሉ በጣሳው ውስጥ አለ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበር ማኅተም ያረፈበት አለ፣ የሽግግር መንግሥቱ ጊዜ አለ፣ የአሁኑም አለ። የ1983ቱ ብቻ የለም፤ በዚያ ዓመት የሚሰበስብ አልነበረም ትላለች፤ እሷ ግን ልትከፍል ሄዳ ዝግ ሆኖ ነው የተመለሰችው። መንግሥት ሲለዋወጥ ያልተቋረጠ ግዴታ ነው። ጣሳውን ዛሬ ይዛው ነበር፤ እንድታሳየው ግን ዕድል አልሰጣትም።

ሌላው ጠረጴዛ ደግሞ ጨርሶ የሚያስፈራ ነገር ነግሮን ነበር፤ ስሙ ሲዛወር ይዞታው ወደ ሊዝ ይገባል፣ በየዓመቱ የሊዝ ክፍያ ትጀምራላችሁ አለን። እናቴ ይህን ስትሰማ ከለሯ ተለወጠ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በአንቀጽ 6 ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ ላይ ያለ ንብረት ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ የሚገባው ዝውውሩ በውርስ ካልሆነ ብቻ ነው ይላል። በውርስ! ይህን አንቀጽ እኔ በስልኬ አግኝቼ ያነበብኩትን ዕለት ከዕለት በዚህ ሥራ ላይ የሚቀመጥ ሰው እንዴት አያውቀውም? ስንት የዋህ መበለት ይህን ሰምታ ደንግጣ ጉዳዩን ትታ ሄዳ ይሆን? አንቀጹን ሳሳየው «እናጣራለን» አለ። ይቅርታ አላለም።

የጓሮው ግድግዳ ግን ማጣራታቸውን አይጠብቅም። ማገሩን ምስጥ ጨርሶታል፤ አምና ነሐሴ ላይ አንዱ ጥግ ተንዶ እናቴ የተኛችው ከዚያ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ለምን ዝም ብላችሁ አትጠግኑትም ትሉኝ ይሆናል። ጎረቤታችን አምና ሦስት ቆርቆሮ ከጓሮው ደግፎ ሲያቆም ደንብ አስከባሪዎች ከእኩለ ቀን በፊት ደርሰው «ሕገ ወጥ ግንባታ» ብለው አፈረሱበት፤ ቆርቆሮውንም ጭነው ሄዱ። ለማፍረስ ቀጠሮ አያስፈልግም፣ ስብሰባ አያግድም፣ ኔትወርክ አይጠፋም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። ከዚህ በላይ የምንጠይቀው የለም። ማኅደራችን የት እንደገባ ይነገረን፤ ከጠፋ ጠፍቷል ብላችሁ በጽሑፍ ስጡን፤ ባለን ሰነድ እንደገና ይደራጅልን።

ስንወጣ ከኋላ ያለው መጋዘን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የድሮው መዝገብ ቤት ለአዲስ ጽሕፈት ቤት ሲሰጥ ማኅደሮቹን ወደዚያ እንዳዛወሯቸው ሰምቼ ነበር፤ በዓይኔ አየሁት። ማኅደሮቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ሲሚንቶው ላይ ተቆልለዋል፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ በግድግዳው በኩል ያሉት ከረጢቶች ረጥበው ጠቁረዋል። የዚህች ከተማ ሰው ሁሉ ቤት፣ ውርስ፣ ድንበርና ክርክር እዚያ ውስጥ ነው። የእናንተም ነው። ጥበቃው ቆሜ ሳይ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ በሩን ዘጋው።

ከሰኞ በፊት አንድ ነገር እንድትረዱኝ እለምናለሁ። ቁልፍ በወገባቸው አንጠልጥለው የሚሄዱት፣ ማኅደርን በቤት ቁጥር በቃላቸው የሚያውቁት የቀድሞው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ልጃቸው ከተማ ሄደዋል ይባላል። የት እንዳሉ የሚያውቅ ወይም ዘመዳቸው የሆነ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እናቴ «እሳቸው ቢመጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጡታል» ትላለች። የመጓጓዣቸውን እኔ እሸፍናለሁ። ጣሳውንም ይዘን ሰኞ 2፡30 ላይ እዚያው በር ላይ ነን።