ንጉሠ ነገሥቱ ደጅ ሲጠኑ

በጥቅምት 2025 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በአውስትራሊያዋ ሆባርት የተሰበሰቡት የደቡብ ውቅያኖስ ባለአደራዎች፣ ማለትም የአንታርክቲካን የባሕር ሕይወት እንዲጠብቅ የቆመው ኮሚሽን አባል አገሮች፣ እንደ ልማዳቸው ሞቅ ያለ ውይይት አካሂደው፣ እንደ ልማዳቸው አንድም አዲስ ባሕር ሳይከልሉ፣ እንደ ልማዳቸው ለከርሞ ተቀጣጥረው ተለያይተዋል። እንኳን ደስ ያለን። በ2016 ከ1.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋውን የሮስ ባሕር ጥብቅ ክልል ማጽደቃቸው ሳያስቡት ያመለጣቸው ነገር መሆን አለበት፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ መዘናጋት አልታየባቸውም።

ምስጢሩ የሙሉ ስምምነት ደንብ ነው። ሁሉም ካልተስማማ ምንም አይወሰንም፤ ስለዚህ አንድ ልዑክ አሻፈረኝ ካለ የሌሎቹን ሁሉ ድካም ውኃ በላው ማለት ነው። በ1959 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር እየተፋጠጡ ሳለ፣ ከሌሎች አሥር አገሮች ጋር ዋሽንግተን ላይ ተቀምጠው አንታርክቲካ ለሰላማዊ ሥራ ብቻ እንድትውል ፈርመው ተነሡ። የዛሬዎቹ ልዑካን ረጋ ያሉ ናቸው፤ የችኮላ ሥራ አይወዱም።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን ጉዳይ ነው። ግርማዊነታቸው በዓለም እጅግ በከፋው ክረምት፣ በዚያ ጨለማ፣ እንቁላላቸውን እግራቸው ላይ አስቀምጠውና በሆዳቸው ቆዳ ሸፍነው፣ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ሁለት ወር ያህል የሚቆሙ አባት ናቸው። በ2022 በበርሊን በተካሄደው የዚያው የ1959ኙ የአንታርክቲካ ውል አገሮች ጉባኤ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ጉዳያቸው ቀረበ። ማስረጃው ተዘረዘረ፣ ድጋፉም ከሞላ ጎደል የሁሉም ሆነ። አንድ አገር ብቻ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል አለ። እንዴት ያለ አስተዋይነት ነው! ሰው በንጉሥ ደጅ ሲጠና ኖሯል፤ ንጉሠ ነገሥት በጸሐፊ ደጅ ሲጠኑ ማየት ግን ለእኛ ዘመን የተሰጠ ጸጋ ነው። ከፋይላቸው የጎደለው ምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት የመታወቂያ ኮፒ፣ ምናልባት የዚያው በረዶ ነዋሪ ለመሆናቸው የቀበሌ ማረጋገጫ፣ ምናልባትም በረዶው ሊቀልጥ መሆኑን ራሱ በረዶው ፈርሞ የሰጠው ማስታወቂያ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በሦስት ኮፒ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ግርማዊነታቸው ነገ ይመለሱ። ነገ ደግሞ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ፎቶግራፉ ጉርድ አይደለም ይባላሉ፤ አንገታቸውን ከትከሻቸው የሚለይላቸው ፎቶ አንሺ ደግሞ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። በዚያው በ2022 ማብቂያ በአንታርክቲካው ቤሊንግስሃውዘን ባሕር ያለው በረዶ ጊዜው ሳይደርስ ተሰባበረ። በሳተላይት ከሚታወቁት አምስት መራቢያ ሰፈሮች በአራቱ፣ ውኃ የማያስገባ ላባ ገና ካላበቀሉት ጫጩቶች አንድም እንዳልተረፈ ተመራማሪዎቹ ያምናሉ። የተጠየቀው ተጨማሪ ጥናት ይኸው በሬሳ ተጽፎ መጣ፤ በ2023 የተሰበሰበው ጉባኤ ግን አሁንም ሳይወስን ተበተነ። ይህ ጥንቃቄ አይባልም። እያወቁ መተው ነው፤ ነውር ነው።

የሰሜኖቹም ቢሆኑ አይታሙም። የሰሜን ዋልታ አገሮች የሚመክሩበት የአርክቲክ ምክር ቤት በ1996 ሲመሠረት ወታደራዊ ጉዳይ እንደማይመለከተው በመሥራች ሰነዱ የግርጌ ማስታወሻ አስፍሯል። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ግርጌውን ያነበበ ጦርነት ስላልተገኘ፣ ሰባቱ አባላት ከስምንተኛዋ ጋር መሰብሰብ አቆሙ።

ወደ ደቡቡ እንመለስ። ለፔንግዊንና ለዓሣ ነባሪ ቀለብ የሆነው ክሪል የተባለ ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር ፍጡር ከአንድ አካባቢ ብቻ ተግዞ እንዳይወሰድ ማጥመዱን በየስፍራው የሚያከፋፍለው ደንብ፣ ለማደስ የሚስማማ ጠፍቶ በ2024 ጊዜው አለፈበት። በቀጣዩ ወቅት መርከቦቹ የተፈቀደውን 620,000 ቶን ወቅቱ ሳያልቅ በነሐሴ አፍሰው ጨረሱት። መረብ ሲጣል ሙሉ ስምምነት አይጠየቅም፤ ተጨማሪ ጥናትም እንዲሁ።