ቡናን ከመሬት ያነሣ እጅ መጽሐፍን ለምን መሬት ይጥላል?

የጅማ ወገኖቼ ሆይ፣ ቡና አድርቃችሁ የኖራችሁትን እናንተን እርጥበት ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊያስተምራችሁ አይገባም። የታጠበ ቡና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ እንደማይከተት ታውቃላችሁ፤ መጋዘን ውስጥም ጆንያውን ርብራብ ላይ ታሳርፉታላችሁ እንጂ ወለል አታስነኩትም። ታዲያ መጽሐፋችሁን፣ የመሬት ይዞታ ደብተራችሁንና የልጆቻችሁን የትምህርት ማስረጃ በማዳበሪያ ከረጢት አስራችሁ አልጋ ሥር፣ ከጭቃ ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ የምትተዉት ስለ ምን ነው?

የምገሥጻችሁ ራሴ ጥፋተኛ ሆኜ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ አባቴ የቡናውን ፈረሱላ ይመዘግብበት የነበረውን ደብተር ከሣጥን አውጥቼ ስገልጠው፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ ገርጣ ያሉ ነፍሳት በመስመሮቹ መካከል ይሯሯጡ ነበር። ጀርባው የተጣበቀበት የዱቄት ሙጫ ተግጦ አልቆ ኖሮ፣ ገና ብድግ ሳደርገው ቅጠሎቹ እየተነጠሉ ጭኔ ላይ ወደቁ፤ በአባቴ እጅ የተጻፉት አኃዞችም በሻጋታ ጠፍተው ነበር።

እነዚህ ደቃቅ ነፍሳት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። የሚስባቸው ከወረቀቱ ይልቅ እርጥበት የሚያበቅለው ሻጋታና የሙጫው ስታርች ሲሆን፣ ውኃ የሚያገኙት ከአየሩ ስለሆነ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ወርዶ ሲቆይ ደርቀው ያልቃሉ። ብርማ ቅርፊት ያለው ብል ግን ከእነርሱ የባሰ ነው፤ ሌሊት እየወጣ የወረቀቱን ገጽ ራሱን ይፍቃል። በሊጥ ሙጫ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የምትለጥፉ ሁሉ ማዕድ እየዘረጋችሁለት ነው። ከሽፋን እስከ ሽፋን ክብ ቀዳዳ የሚቦረቡረው ደግሞ የጥንዚዛ እጭ ነው፤ ስለ ምስጥ መናገር አያስፈልገኝም።

በአረብኛ ፊደል የተጻፉ የአያቶቻችሁ የእጅ ጽሑፎች በቤታችሁ ያሏችሁ በተለይ ስሙኝ፤ ብዙዎቹ በወረቀት ላይ የተጻፉ ናቸውና ለእነዚህ ነፍሳት የተጋለጡ ናቸው፤ ሌላ ቅጂም የላቸውም።

በመጽሐፍ ላይ ፍሊት አትርጩ፤ ወረቀቱን ያበላሻል፤ መርዙም ጣቱን በምራቁ አርሶ ገጽ በሚገልጥ ሕፃን አፍ ይገባል። በጠራራ ፀሐይም አታስጡት፣ ቀለሙ ይለቃል። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ገልጣችሁ አናፍሱት፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፣ ከግድግዳ አርቃችሁ መደርደሪያ ላይ አቁሙት። የተወረረውን የወረቀት መጽሐፍ በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ሥጋን እንደ በረዶ በሚያጠነክር ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ብታቆዩት ነፍሳቱ ይሞታሉ፤ ስታወጡት ግን የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ፕላስቲኩን አትፍቱ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘውና ወደ ሻጋታው ትመልሱታላችሁ።

የጅማ ዝናብ ገና በበልግ ይጀምራል። እናንተ ግን በጥር፣ ቡናው በማድረቂያው አልጋ ላይ ሳለ፣ ከረጢቱን ከአልጋ ሥር ጎትታችሁ ፍቱት።