የወደብ ውል በማን ፊርማ ይጽና? ክርክር በዶራሌ ጉዳይ

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «የወደብ ባለሥልጣን የሚዋዋላቸው የረጅም ዘመን ውሎች የሚመለከተው ሚኒስትር መርምሮ ሳያጸድቃቸው ሊጸኑ አይገባም» የሚል ነው። ሁለቱ ጸሐፊዎች የጅቡቲውን የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል መነሻ አድርገዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ የጅቡቲ መንግሥት ዶራሌን ለ30 ዓመት እንዲያስተዳድር በ2006 ለዱባዩ የወደብ አስተዳዳሪ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ሲሰጥ፣ በጅቡቲ በኩል ጉዳዩን የያዙት የወደቦችና የነፃ ቀጣናዎች ባለሥልጣን ሊቀ መንበር አብዱራህማን ቦሬ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ የታወቁ ነጋዴም ነበሩ። ይህ ብቻውን ጥፋት ባይሆንም፣ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ የሚመረምር ሌላ ዓይን እንዲኖር ግን ያስገድዳል። ሁለት ሦስተኛው አክሲዮን የጅቡቲ ወደብ ሆኖ ሳለ አመራሩ አንድ ሦስተኛውን ለያዘው ኩባንያ ተሰጠ። ከዚህም የከፋው በሀገሪቱ ውስጥ ኮንቴይነር የማስተናገድ ብቸኛ መብት በውሉ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ይህ ማለት ጅቡቲ በገዛ ባሕር ዳርቻዋ ሌላ የኮንቴይነር ተርሚናል ለመክፈት እጇ ታስሮ ነበር ማለት ነው። ኃላፊነቱ በስሙ የተጻፈ ሚኒስትር ቢኖር፣ ቢያንስ በዚህ አንቀጽ ላይ ጥያቄ ይነሣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተቃዋሚ፦ ባልደረባዬ አንድ ነገር የዘለሉ ይመስለኛል። በውሉ ውስጥ ወደቡ ብቻውን አልነበረም፤ መንግሥት ራሱ ተዋዋይ ነበር። ጉቦ ነበረ ብሎ በለንደን ፍርድ ቤት ቦሬን የከሰሰውም ይኸው መንግሥት ሲሆን፣ ክሱ በ2016 ውድቅ ተደርጎበታል። ስለዚህ የጎደለው የበላይ ፊርማ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ከ1999 ጀምሮ በሥልጣን ላይ ባሉበት ሀገር፣ ቤተ መንግሥት የወደደውን ውል «አይሆንም» የሚል ሚኒስትር ከየት ይመጣል? ሚኒስትሩ የሚጨምረው ማኅተም እንጂ ምርመራ አይደለም።

የበላይ አካል በውል ላይ ሲገባ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ2017 መጨረሻ ስልታዊ የሚባሉ መሠረተ ልማቶችን ውሎች እንደገና ለመደራደር የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ በየካቲት 2018 ተርሚናሉ ተወረሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የለንደኑ ዓለም አቀፍ የግልግል ተቋም ዳኞች ውሉ አሁንም የጸና መሆኑን ወሰኑ። በ2019 ደግሞ ብቸኛ መብቱ ስለተጣሰ ጅቡቲ 385 ሚሊዮን ዶላርና ወለዱን፣ በተጨማሪም ያልተከፈለ 148 ሚሊዮን ዶላር ሮያሊቲ (በውሉ መሠረት የሚታሰብ የመብት ክፍያ) እንድትከፍል ተፈረደባት።

ደጋፊ፦ እኔ ቁጥጥር የምለውን ከወረራ ጋር አንድ አያድርጉብኝ። የ2017ቱ ሕግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ነው፤ የወጣው ውሉ ከተፈረመ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። የጠቀሱት ዕዳ ሁሉ የመጣው፣ በ2006 መነሣት የነበረበት ጥያቄ ዘግይቶ በጉልበት ስለተነሣ ነው። ቅድመ ማጽደቅን የምሻውም ለዚሁ ነው።

ተቃዋሚ፦ በማጽደቂያው ጊዜ እስማማለሁ፤ በአጽዳቂው ማንነት ግን አልስማማም። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ የሚጠብቀው አስመጪ ክፍያው በምን ውል እንደተተመነ የሚያይበት መንገድ የለውም። በሁለት ባለሥልጣናት መሳቢያ ውስጥ የሚዘዋወር ረቂቅ፣ አንዱ ሚኒስትር ቢሆንም ያው ምስጢር ነው። ረቂቁ ለምክር ቤት ይቅረብ፣ ለሕዝብም ይታተም። የሚኒስትሮች ከፍተኛ ትኩረት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያዘልቅ ለማየት ከፈለጉ የሶማሌላንዱ የበርበራ ወደብ ቅርብ ነው፦ ኢትዮጵያ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ በ2018 በይፋ ተነግሮ፣ በ2022 የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ቅድመ ሁኔታዎቹ ስላልተሟሉ ድርሻው ቀርቷል አሉ።

ደጋፊ፦ መታተሙን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ከሐሳቤ ጋር ቢጨመር ደስ ይለኛል። ነገር ግን የሚታተመው ረቂቅ መቶ ገጽ የሚሞላ የሕግና የታሪፍ ሰነድ ነው፤ ብቸኛ መብት የሚሰጠው አንቀጽ ለምን እንደገባ ምክር ቤቱ ሲጠይቅ፣ ተነሥቶ በስሙ የሚመልስ አንድ ሰው ያስፈልገዋል። በበርበራም ቅድመ ሁኔታዎቹን ማን እንዲያሟላ ተመድቦ እንደነበር ብንጠይቅ፣ የማንን ስም ይጠሩልኛል?